ለውሃ ጋን የማይሆን ሥር

ወሬው የደረሰኝ ረቡዕ ቀን ነው፤ ኦገስት 27፣ 2003። ደጅ ተቀምጬ ሩዝ አበጥር ነበር። ሁለት ሰዎች ሞተር ብስክሌታቸውን ከመንደሩ መግቢያ ላይ አጥፍተው በእጅ እየገፉ ሲመጡ አየሁ። አንደኛው የመንደራችን አለቃ ወንድም ነው፤ ሌላው ልጄ ቡራማ ይሠራበት ከነበረው ከኒዮኖ ቢሮ የመጣ ሰው። ደህና ሞተር በእጁ የሚገፋ ሰው ደስታ ይዞ እንደማይመጣ ገባኝ። ሰፌዱን አስቀምጬ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ።

ከሲሪኪ ትራኦሬ የተላከ ደብዳቤ ሰጡኝ። ሲሪኪ በምዕራብ በኩል፣ በዬሊማኔ አካባቢ፣ ቱንካሬ በምትባል መንደር ከልጄ ጋር ይሠራ የነበረ ነው። ቡራማን ትኩሳት እንደያዘው፣ በአራተኛው ቀን እንዳረፈ፣ እዚያው እንደተቀበረ ይናገራል። ስለ አሟሟቱ ሌላ ነገር የለበትም።

እኔ ወሮኪያ ታንጋራ እባላለሁ፤ የዶኮባላ ሴት ነኝ። መጻፍ የተማርኩት በእርጅናዬ ነው፤ አንድ ገጽ አንድ ቀን ይፈጅብኛል። ከዚያ ረቡዕ በኋላ ከሲሪኪ ጋር የተጻጻፍነውን በዚህ ደብተር ገልብጬዋለሁ። የራሴን ከመላኬ በፊት መጀመሪያ በደብተር ስለምሞክረው አልጠፋብኝም።

ዶኮባላ፣ ኦገስት 31

ለልጄ ለሲሪኪ ትራኦሬ፤

ሰላም አደርክ ወይ? ያሳደሩህ ሰዎች ሰላም አደሩ ወይ? ልጄን ያጠቡት፣ የተሸከሙት፣ አፈር ያለበሱት ሁሉ ሰላም ናቸው ወይ? እኛ ሰላም ነን፤ ከሰላም ሌላ የለም። እንዲህ ይባላል፤ እኔም እላለሁ።

ደብዳቤህ በደህና ደርሶኛል። አጭር ነው ብለህ ይቅርታ መጠየቅህ አያስፈልግም። የረዘመ ቢሆን ኖሮ እስከ መጨረሻው አላነበውም ነበር።

የሚያስፈልገን ነገር እንዳለ ጠይቀሃል። ምንም የለም። ሰዎች ሩዝ ይዘው፣ የኮላ ፍሬ ይዘው እየመጡ ነው፤ ግቢው ቦታ የለውም። የቡራማ ሚስት ሲታን ከኔ ጋር ናት፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ትበላለች፤ ስታለቅስም ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ነው። የልጄን ሣጥን ለማን ልስጠው ላልከኝ፣ ለኔ ላከው። ቁልፉ ከጠፋ አትስበረው፤ ሌላ ቁልፍ እኔ ጋ አለ።

ከዚህ ጋር አንዲት ትንሽ ወረቀት አጥፌ ጨምሬያለሁ። ብቻህን ስትሆን አንብባት። መልሱን ግን አታሳጥረው።

እናትህ ወሮኪያ

ቱንካሬ፣ ሴፕቴምበር 8

ለእማ ወሮኪያ፤

ሰላም አደሩ? ሲታን ሰላም አደረች? በሆዷ ያለው ሰላም አደረ? ዝናብና ሩዙ እንዴት ናቸው?

መልሱን እንዳላሳጥር አዘዋል፤ ስለ ቀብሩ ሁሉንም ልንገርዎ። ብዙ ሰው ነበር። መንደሩ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። እኔ ትራኦሬ፣ እሱ ጃራ፤ ጎሳዎቻችን ባሪያዬ፣ አደንጓሬ በላ እየተባባሉ መቀላለድን ከአያት የወረሱ ናቸውና የትራኦሬ ሥራዬን ሠራሁ። ሊያወርዱት ሲሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ፣ “ይህ ጃራ የኔ ባሪያ ነው፤ የዘንድሮውን እርሻዬን ሳይጨርስ ማን ፈቅዶለት ነው የሚተኛው?” አልኩ። የዚህ አገር ሰዎች የትራኦሬና የጃራን ቀልድ በወሬ ነው የሚያውቁት፤ ደንግጠው ቆሙ። አንድ ሽማግሌ ግን ገባቸውና ሁለት ኮላ አውጥተው፣ “በዚህ ልቀቀው፤ አደንጓሬ ሲበላ የኖረ ሆድ ከዚህ በላይ አያወጣም” አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ኮላውን ተቀብዬ ከጉድጓዱ ፈቀቅ አልኩ። እሱም ቢሆን በኔ ቀብር ላይ ይህንኑ ሊያደርግ ተስማምተን ነበር፤ ቀደመኝ።

መቃብሩ ከትልቁ ግራር በስተምሥራቅ ነው። ዙሪያውን እሱ ለሥራችን ይተክለው የነበረውን የረጅሙን ሳር ችግኝ ተክዬበታለሁ፤ ይዟል።

ትንሿን ወረቀት ብቻዬን አነበብኳት። ተንቀጠቀጠ ወይ ብለው ጠይቀዋል። አዎ፤ ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻው ቀን በጣም። ትኩሳትም ሰውን ያንቀጠቅጣል፤ ይህንን ያውቃሉ። ምን ውሃ ይጠጣ ነበር ያሉት ግን አልገባኝም። እኔ የምጠጣውን ነበር የሚጠጣው። ለምን ጠየቁኝ?

ልጅዎ ሲሪኪ

ዶኮባላ፣ ሴፕቴምበር 15

ለልጄ ለሲሪኪ፤

ሰላም አደርክ ወይ? እኛ ሰላም ነን።

የኮላውን ነገር ለሲታን አነበብኩላት። ሳቀች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ሳቅሁ። አላህ ይስጥህ።

ለምን ጠየቁኝ ብለሃል። ይህን ለመጻፍ አምስት ቀን ፈጀብኝ። አንተ አታውቅም፤ እዚህ ዶኮባላ ከቦዩ ማዶ የድሮ የአንበጣ መድኃኒት መጋዘን ነበር። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ቆሞ ነበር። በርሜሎቹ ዝገው ፈሰሱ፤ ጣራውም ወደቀ፤ ምድሩ ሣር እምቢ አለ። በዚያ በኩል ያለው ጉድጓድ ውሃው ይሸት ነበር፤ ፍየል ጠጥታው ትንፈራገጥ ነበር። ቡራማ ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት ያንን ረጅም ሳር በመስመር በመስመር ተከለበት፤ አጠረው፤ ሰሌዳ ሰቀለበት። ከዚያ አንተ ወዳለህበት አዛወሩት።

ሳሩ ለኛ አዲስ አይደለም። ሥሩን ጎንጎዲሊ እንለዋለን፤ አጥበን፣ አስረን፣ ውሃ ጋን ውስጥ እንከተዋለን። ውሃውን ቀዝቃዛና ባለ መልካም ሽታ ያደርገዋል። ለእንግዳ ያለ ጎንጎዲሊ ውሃ ማቅረብ ለሴት ነውር ነው። ሥሩን ከገበያ በውድ እንገዛው ነበር። ልጄ ደግሞ ከቤቴ አንድ ጥሪ ርቀት ላይ አንድ እርሻ ሙሉ ተክሎልኛል።

ነገሩን ለመንደሩ ሲያስረዳ በወንዶቹ ጉባኤ ነው፤ ዛፉ ሥር። እኛ ከኋላ ምግብ እያቀረብን ነበር። ከብት እንዳይገባ፣ ሳሩ እንዳይታጨድ ሲል ሰማሁ። ስለ ሥሩ የተናገረው ካለም አልሰማሁም፤ ድስቱ ላይ ነበርኩ። ሰሌዳው ላይ የሞተ ሰው ጭንቅላት ተስሏል፤ ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው። ናሲራ የሴቶች ማኅበራችን መሪ ናት፤ አይታው፣ “ይህ ለፍየሎች ነው፤ ሰውማ አጥንት አይቶ አይደነግጥም” አለች።

እሱ ከሄደ በኋላ በበጋ አጥሩን ገልጬ የገባሁት የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ፈሩ። እኔ ግን፣ “የልጄ እርሻ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል?” አልኩ። ሥሩ ወፍራም ነው፤ እንዲህ የሚሸት ገዝቼ አላውቅም። ከዚያ ሁሉም ገባ። “የባለቤቱ እናት እየቆፈረች እኛ ምን ቤት ነን?” አሉ። በጁን አንድ እስር አሳምሬ ጠቅልዬ ለቡራማ ላክሁለት፤ በከብት ነጋዴው በዴምባ እጅ።

አሁን ስማኝ። ወሬው የመጣ ቀን የኒዮኖው ሰው ለለቅሶ ከተቀመጠው ሰው ፊት ልጄን አመሰገነ። “ይህ ሳር መርዙን ከምድር እየጠጣ በሥሩ ይይዘዋል፤ ጉድጓዳችሁን ያጸዳው ቡራማ ነው” አለ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ የተቀመጥኩት ከውሃው ጋን አጠገብ ነበር። ለቅሶኞቹ ከጋኑ ሊጠጡ ኩባያ ይዘው ተራ ይጠብቁ ነበር።

ሰዉ ሲበተን የራሴን ጋን ደፋሁት። ለሲታን ተሰንጥቋል አልኳት። ለሌሎቹ ሴቶች ግን ምንም አልተናገርኩም። ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። ጠዋት ሰላም ሊሉኝ ይመጣሉ፤ ውሃ ያመጡልኛል፤ ሽታው ከኩባያው ይወጣል፤ እኔ ጾመኛ ነኝ እላለሁ። ብናገር፣ ልጇን በእጇ ገደለች ይሉኛል። ከሰው አፍ የሚመጣውን እችለው ይሆናል። እውነት ይሆን እንደሆነ ግን አላውቅም። እሱን ነው የማልችለው።

የላክሁለትን ጠጣው ወይ? ንገረኝ። አዝነህልኝ አትዋሸኝ።

ወሮኪያ

ቱንካሬ፣ ሴፕቴምበር 24

ለእማ ወሮኪያ፤

ሰላምታውን ዛሬ ላሳጥረው፤ ይቅር ይበሉኝ። መጀመሪያ መልሱ፤ አልጠጣውም። አንድ ጉንጭ እንኳ አልቀመሰም።

ዴምባ ከብቶቹን በግጦሽ እያዞረ ስለመጣ እስሩ የደረሰን ኦገስት 14 ነው። ቡራማ ፈታውና አሸተተው። “የእማ አስተሳሰር ነው” አለኝ፤ ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ዴምባን፣ “ከየት ገበያ ገዛችው?” አለው። ዴምባም፣ “ምን ገበያ አለ፣ ከአንተው አጥር ውስጥ ነው እንጂ” አለ።  ቡራማ እስሩን መልሶ አሰረው፤ ክዳን ባለው ማሰሮ ከቶ ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈበት፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልነገረኝም። ቁልፉ አልጠፋም፤ እኔ ጋ ነው። ትናንት ከፍቼ አየሁት፤ ቋጠሮው እንዳለ ነው።

ሌላም አገኘሁ። ለእርስዎ የጀመረው ደብዳቤ አለ። ወረቀቱን ከሣጥኑ ጋር እልካለሁ፤ ለጊዜው ቃሉን ገልብጬዋለሁ።

“እማዬ፣ ሰላም አደርሽ? ሥሩ ደርሶኛል። የኔ አጥር ውስጥ ከሆነ የቆፈርሽው ዛሬውኑ ጋኑን ድፊው፤ ሲታን እንዳትጠጣ፤ ለናሲራና ለሁሉም ንገሪ። አትናደጂ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ከብት ላለው ሁሉ ተናገርኩ፤ ጋን ላላት አልተናገርኩም። በቤታችን ሥሩን ማን እንደሚቆፍር እያወቅሁ ሰሌዳዬን ለወንድ ጻፍኩ። ዝናቡ ሲያበቃ እመጣለሁ፤ ሴቶቹን ፊት አስቀምጬ ራሴ እናገራለሁ። ለሲሪኪ አልነገርኩትም፤ ጃራ አደንጓሬ ሲበላ እናቱን ረሳ ብሎ እስከ ሞት ይስቅብኛል። እማዬ፣ ሥሩን ግን እንዳታቃጥዪው፣ ጭሱ”

እዚህ ላይ ያበቃል። ለምን እንዳበቃም እኔ ነኝ የማውቀው።

እሑድ ኦገስት 17 የገበያ ቀን ነበር። ጠዋት፣ “ቆየኝ፤ ለእማዬ እየጻፍኩ ነው፤ ይዘህልኝ ትሄዳለህ” አለኝ። መኪናው እየጠራ ስለነበር፣ “በሚቀጥለው ገበያ” ብዬ ወጣሁ። ያለን የመርዝ መከላከያ ጭምብል አንድ ነው፤ ማሰሪያው ስለተበጠሰ ጫማ ሰፊ ዘንድ ላሰፋው ይዤው ሄድኩ። ጓንቱም በዚያው ከረጢት ነበር።

ቀትር ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። እዚህ ያለው ሳር ገና ዘንድሮ የተተከለ ነው፤ ሥሩ አፈሩን አልያዘም። እንደ ዶኮባላው ያሉት የድሮ መድኃኒት በርሜሎች ከተቀበሩበት ጉድጓድ በታች ያለው የጭቃ ግድብ ተደረመሰ፤ ውሃው ወደ መንደሩ ጉድጓዶች መውረድ ጀመረ። ቡራማ ባዶ እጁን ገባበት። እስከ ዐስር ሶላት፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ጭቃ ሲያቅፍ፣ በጉልበቱ ሲከትር አዩት። ዘጋው። ጉድጓዶቹ ደህና ናቸው፤ ተመርምረዋል። ስመለስ ልብሱ እንደረጠበ ተቀምጦ፣ “ትራኦሬ፣ ጫማህን አሰፋህ?” ብሎ ቀለደብኝ። በማግሥቱ መንቀጥቀጥ ጀመረው።

የገደለው የጭቃው መርዝ ነው፤ ትኩሳት ብለህ ጻፍ ያለኝ አለቃዬ ነው፤ የጻፍኩት ግን በራሴ እጅ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ያጠረው ለዚህ ነው።

ስለ ሥሩ፤ ያልጨረሰውን ልጨርስለት። አይቃጠል፤ ጭሱ መርዝ ነው። ቦይም ውስጥ አይጣል። ክዳን ባለው በርሜል ተሰብስቦ እዚያው አጥር ውስጥ ይቀመጥ፤ ከኒዮኖ መጥተው ይወስዱታል። ጽፌላቸዋለሁ። ጋኖቹም የቆየ ሥር የነበረባቸው አይጠቅሙም፤ ሸክላ መርዙን ይመጥጣል።

እማ፣ አሁኑኑ ይንገሯቸው። እኔ፣ “በሚቀጥለው ገበያ” ብዬ ነበር።

ሲሪኪ

ዶኮባላ፣ ኦክቶበር 9

ለልጄ ለሲሪኪ፤

ሰላም አደርክ ወይ? ግራሩ፣ መቃብሩ፣ ሳሩ ሰላም አደሩ ወይ?

ደብዳቤህ ሐሙስ ቀትር ላይ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ናሲራ ቤት ሄድኩ። እሷ እንደልማዷ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። “አትጠጪም? ዛሬም ጾም ነሽ?” አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከአጥሩ ጀምሬ። የራሴን ጋን መድፋቴንም አልተውኩም።

 “ስንት ቀን ሆነሽ ካወቅሽ?” አለች። ሠላሳ ሰባት አልኳት። ተነሥታ ውሃውን ደፋችው። “የልጅ ልጄን ከዚህ ጋን ነው የማጠጣው፤ ሠላሳ ሰባት ቀን ሙሉ ሰላም አደርሽ እያልሽኝ” አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ቤት ገባች። ይሻል የነበረው ብትሰድበኝ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሴቶቹን ግቢዋ ሰበሰበች። ፊት አቆመችኝ። የቡራማን ቃል አነበብኩላቸው፤ ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ጋን ላላት አልተናገርኩም የሚለው ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት። አንዷ ከኋላ፣ “ታዲያ ጥፋቱ የሱ ነው ወይስ ያንቺ?” አለች። የሱ ጥፋት አንድ ቀን ነበር፤ የኔ ሠላሳ ሰባት ቀን ነው አልኩ። የሚሰድቡኝ ሰደቡኝ። አንዷ፣ “የልጇን ለቅሶ እኛ አለቀስን፤ እሷ በኛ ልጆች ልታስለቅሰን ነበር” አለች። ልክ ናት። ቆሜ ሰማሁ።

ከዚያ ናሲራ፣ “በቃ። ሁላችሁም ቆፍራችኋል፤ ማንም ጎትቶ አላስገባችሁም። አሁን ሥራ ነው” አለች።

ከኒዮኖ የጤና ሠራተኛ መጣች፤ ሕፃናቱንና እርጉዞቹን አየች። እስካሁን የታመመ አላገኘችም፤ ሲታንም ሕፃኑም ደህና ናቸው ብላለች፤ በየወሩ ትመለሳለች። እኔ ግን እስኪወለድ ድረስ ዱዓዬን አላቋርጥም።

እሑድ የቡራማ አርባ ነበር፤ ወሬው ከደረሰን ቀን ቆጥረን። ሌላ መንደር ቢሆን ሰው ምግብ ይዞ ነው የሚመጣው። የኛ ሴቶች ጋናቸውን ተሸክመው መጡ። አጥሩ በር ላይ በርሜሉ ተቀምጦ ነበር፤ ሥሩን እየፈቱ ከተቱበት። ጋኖቹንም እዚያው አጥር ውስጥ ሰበርናቸው። የኔ የሰርጌ ጋን ነው፤ እናቴ በራሷ ላይ ተሸክማ ያመጣችልኝ። ናሲራ እጄን ይዛ፣ “ስጪኝ፣ እኔ ልስበርልሽ” አለች። የለም ብዬ ራሴ ሰበርኩት። ሁለታችንም አለቀስን፤ ሰላም አደርሽ መባባላችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተመልሷል።

አዲስ ሰሌዳ ሰቅለናል። ጋን ተስሎበታል፤ በላዩ መስቀለኛ ጭረት አለበት። ማንበብ አያስፈልገውም። አጥሩንም የምንጠብቀው ሴቶች ነን፤ በተራ።

ስለ ጭምብሉ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ጫማ ሰፊ ዘንድ መሄድ ሰውን መግደል አይደለም፤ አንተም ለኔ አልጠጣውም ብለህ ሌሊቴን መልሰህልኛል። አንተም ተኛ። ዝናቡ ሲያበቃ ሣጥኑን ለሰው አትስጠው፤ ራስህ ይዘኸው ና። አደንጓሬ እቀቅልልሃለሁ፤ በጃራ ቤት ሌላ የለም። ሲታን ወንድ ከወለደች ስም በሚወጣለት ቀን አንተ ቆመህ፣ ባሪያዬ ተወለደ ትላለህ። ማንም ሌላ ሊለው አይችልም።

ውሃችን አሁን ምንም አይሸትም። እንግዳ ሲመጣ ባዶውን ውሃ እንሰጣለን፤ አናፍርበትም። መጀመሪያ መጀመሪያ ስጠጣው የጎደለ ነገር ያለበት ይመስለኝ ነበር። የጎደለው ከውሃው አይደለም።

እናትህ ወሮኪያ

ደብዳቤዎቹ እነዚህ ናቸው። ሲታን በኖቬምበር ወለደች፤ ወንድ ነው፤ ደህና ነው። ሲሪኪም መጥቶ በስሙ ቀን ያለውን አለ። ደብተሩን ለጎልማሶች ትምህርት ክፍላችን ሰጥቻለሁ፤ ከሌላ መንደር የሚመጡ ሴቶችም እንዲያነቡት፣ በየአጥራቸው ስላለው ሳር እንዲጠይቁ።

ይህን ያነበብሽ ወይም ያነበብክ፣ ስሙን አንድ ጊዜ ጥሩልኝ፤ ቡራማ ጃራ፣ የወሮኪያ ልጅ። ባዶ እጁን የሰው ውሃ የጠበቀ ነው። ረስቶ የተወው ነገር ካለ አላህ እንዲምረው፣ መቃብሩን እንዲያሰፋለት፣ በጀነት ከማይነጥፍ ውሃ እንዲያጠጣው ለምኑለት። ለኔም ሠላሳ ሰባቱን ቀን ይቅር እንዲለኝ። ረጅም ዱዓ አልጠይቅም፤ አንድ ኩባያ ውሃ እስክትጠጡ ድረስ የሚያህል ይበቃል።